«ፕሌት» ሲባሉ የትኛው ፕሌት?

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያባርር ተደናቅፎ በዘረጋው እጁ ላይ ወደቀ። አንጓው አብጦ ሲያቃስት አደረ፤ ጠዋት ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰክቶ በጣቱ እያሳየ «ስብራቱ ግሮውዝ ፕሌቱ ላይ ነው» አለ። አባትየው ከዚህ ሁሉ የያዘው አንዲት ቃል ነው። ታናሽ ወንድሙ በመኪና አደጋ ጭኑ ተሰብሮ ፕሌት ገብቶለት ነበር፤ ቁስሉ አመርቅዞ ብረቱን ለማስወጣት እንደገና ቀዶ ሕክምና ገብቷል። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለዚህ ልጅ ብረት አላስገባም» አለና ልጁን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ሐኪሙ ግራ ገባው። ስለ ብረት የተናገረው ነገር የለም። አባትየው ግን ቆርጧል፤ ሰፈር ያለ ወጌሻ ጋ ሊወስደው ነው።

እህቴ የደወለችልኝ በዚህ መሐል ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ በስልክ መሐል ገብቼ የሁለቱንም ወገን ቃል አመላልሳለሁ። «ፕሌት» የምትባለዋን ቃል በዚህ ሥራ ላይ በደንብ አውቃታለሁ፤ ምክንያቱም ስንት ጊዜ ጥላኛለች። ሐኪም አፍ ውስጥ ያለችው ፕሌት አንዴ ብረት ናት፣ አንዴ ለስላሳ ካርቲሌጅ፣ አንዴ ወንፊት የመሰለ አጥንት፣ አንዴ ደግሞ የዓይን ቆብ ውስጥ ያለች ስስ ነገር።

ነገሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። እኛ ፕሌት ስንል ሳህን ይታየናል። እንግሊዝኞቹ ግን የመኪና ታርጋንም ፕሌት ይሉታል፣ ዝርግ ቆርቆሮንም እንዲሁ። የሰውነትን ክፍሎች ስም ያወጡት ሰዎች ጠፍጣፋና ስስ የሆነ ነገር ባዩ ቁጥር ይህንኑ ስም ለጠፉበት፤ ከምን እንደተሠራና ምን እንደሚሠራ አልጠየቁም። ስለዚህ ስሙ ስለ ቅርጹ ብቻ ይናገራል። «ሳህን» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ከተተረጎመ «ጠፍጣፋ» ይሻላል። እሱም ቢሆን የትኛው ጠፍጣፋ እንደሆነ ካልተነገረ ዋጋ የለውም።

ልጁ ላይ የተሰበረችው ፕሌት የማደጊያዋ ናት። የልጅ አጥንት እንደ ላስቲክ መሐሉ ተስቦ አይረዝምም። ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ አጥንት ያልሆነች ስስ የካርቲሌጅ ሽፋን ተዘርግታለች፤ ጆሮ ላይ እንደሚዳሰሰው ዓይነት ነገር ናት። ሴሎቿ እንደ ተደራረበ እንጀራ ዓምድ ሠርተው ይደረደራሉ። በአንደኛው ወገን ያሉት እየተከፈሉ አዲስ ይጨምራሉ፤ ቀድመው የተወለዱት በሌላው ወገን ያብጣሉ፣ ካልሲየም ይይዛቸዋል፣ በመጨረሻ ቦታቸውን ለእውነተኛ አጥንት ለቀው ይሞታሉ። አጥንቱ የሚረዝመው በዚህ ነው። ሁሉም ጫፍ እኩል አይሠራም። ክንድ ላይ ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው ከርዝመቱ ሦስት አራተኛውን ያህል የሚያገኘው ከአንጓው ጫፍ ነው። እግር ላይ ደግሞ ትልቁ ሥራ የጉልበት አካባቢ ነው፤ የጭን አጥንት ከዕድገቱ 70 በመቶ ያህሉን ከታች፣ ከጉልበቱ ጫፍ ያገኛል።

ድክመቷ ያለው ሴሎቹ ያበጡበት ንብርብር ላይ ነው። ልጅ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጅማቱ ይችላል፣ ፕሌቷ ግን አትችልም። አዋቂ ላይ ወለምታ ሆኖ የሚያልፈው አወዳደቅ ልጅ ላይ የማደጊያ ፕሌት ስብራት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከልጆች ስብራት ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ይህችን ቦታ ይነካል ይባላል። ራጁም ያታልላል። ካርቲሌጅ ራጅ ላይ ስለማይታይ ፕሌቷ ፊልሙ ላይ ጥቁር ክፍተት ትመስላለች፤ ያልለመደ ሰው ጤነኛውን ክፍተት «ተሰብሯል» ይላል፣ ሳትንሸራተት የተሰነጠቀችውን ደግሞ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንዳንዴ ያልተመታውን እጅም ራጅ አንሥተው የሚያስተያዩት። «ደህናውን እጅ ለምን ያነሡታል፣ ገንዘብ ለመብላት ነው» የሚል ቅሬታ ሰምቼ አውቃለሁ። ለማስተያየት ነው።

ካናዳ ቶሮንቶ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፣ ሮበርት ሶልተርና ሮበርት ሃሪስ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. እነዚህን ስብራቶች አምስት ቦታ ከፈሏቸው፤ አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራበታል። የእህቴ ልጅ ሁለተኛው ዓይነት ነው የደረሰበት፣ ከሁሉም የሚበዛው። መስመሩ በፕሌቷ ይሄድና ጫፉ ላይ ከአጥንቱ ትንሽ ቁራጭ ገንጥሎ ይወጣል። በአብዛኛው በማደንዘዣ ወይም በማስታገሻ ወደ ቦታው ተመልሶ ጀሶ ይታሰርለታል፣ ይድናልም። አራተኛውና አምስተኛው ግን የሚያስፈሩ ናቸው፤ ፕሌቷን ለሁለት ሰንጥቀው ወይም ጨፍልቀው ያልፋሉ። የተጎዳው ክፍል ቀድሞ አጥንት ከሆነ ያ ወገን መርዘሙን ያቆማል፤ ሌላው ይቀጥላል፤ እጁ ወይም እግሩ እያደር ይጣመማል።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የቤታችን ጭቅጭቅ እሱ ነበር። ወጌሻን ማናናቅ አልወድም፤ የገጠር ሰው ከሆስፒታል ስንት ሰዓት መንገድ ርቆ ሲሰበር የደረሰለት ማን ነበር? ነገር ግን የልጅ ማደጊያ ፕሌት መታሸት አትወድም። ሐኪሙ ራሱ ሳምንት ካለፈው በኋላ ጎትቶ ለማስተካከል የሚያመነታው፣ መዳን የጀመረችውን ፕሌት ዳግም መቀጥቀጥ ስለሚሆንበት ነው። ሌላው ነገር አስተሳሰሩ ነው። ያበጠ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም መዘዋወሩ ሊቋረጥ፣ ሥጋውም ሊሞት (ጋንግሪን ሊሆን) ይችላል፤ አገራችን ውስጥ በዚህ ሰበብ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ማንም ይሰረው፣ ወጌሻም ሐኪምም፣ የልጁ ጣቶች ከነጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ንጋትን መጠበቅ የለም። ይፈታ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ይህች ፕሌት ዕድሜ ልክ አትቆይም። ሴት ልጆች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15፣ ወንዶች ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ከአንገት ሥር ያለው አግድም አጥንት (ክላቪክል) ከደረት ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ግን ሃያዎቹን እስኪያጋምስ ይቆያል። የሚዘጋት «የሴት ሆርሞን» የሚባለው ኤስትሮጅን ነው፤ ወንዱንም ጭምር። ይህ በደንብ የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፦ 28 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር፣ ማደጊያ ፕሌቶቹ ገና ክፍት፣ እሱም ገና እየረዘመ። ሰውነቱ ኤስትሮጅን ያመርታል፤ የሚቀበለው በር ግን ተበላሽቷል። የ«ሴት ሆርሞን» ማለት ምን ያህል ጎዶሎ ስም እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ፕሌቷ መዘጋቷን አይቶ ዕድሜ መገመት ይቻላል። አራት ኪሎ አልፎ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ ቁመቷ አንድ ሜትር ብትሆን ነው፤ ቁመቷን ብቻ ላየ ሕፃን ናት። ማደጊያ ፕሌቶቿ ግን ተዘግተዋል፣ የጥበብ ጥርሷም ወጥቷል። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቢያልፍም አዋቂ ሆና መሞቷን የምናውቀው በዚህ ነው። ለሕያዋን ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ስዊድን ከ2017 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂ ወጣቶች ጉልበታቸውን በኤምአርአይ፣ የጥበብ ጥርሳቸውን በራጅ እያስመረመረች ዕድሜያቸውን ስትገምት ቆይታለች። የልደት ወረቀት የሌለው፣ ቢኖረውም በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ፣ ሲቀየር የተሳሳተ ስንት ልጅ አለ። አጥንቱ ይመሰክርለታል ማለት ግን ያስቸግራል። የእጅ ራጅን ለማነጻጸር ብዙ አገር ሲሠራበት የኖረው መለኪያ የተዘጋጀው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ክሊቭላንድ ውስጥ ካደጉ፣ ደህና ኑሮ ካላቸው ነጭ ልጆች ነው። ምግብ ያጠረው ልጅ አጥንቱ ይዘገያል። በዚያ ላይ ሁለት ጤነኛ እኩዮች መካከል የሁለት ዓመት ልዩነት መታየቱ የተለመደ ነው። ፕሌት ስለ ብስለት ትናገራለች፤ የልደት ቀን ግን አታውቅም።

አሁን ወደ ብረቱ። አባትየው የፈራው እሱን ነበርና። የተሰበረን አጥንት በብረት ጠፍጣፋና በብሎን ማያያዝ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፈለት ነገር ነው፤ ሃምቡርግ ውስጥ ካርል ሃንስማን የሚባል ሐኪም ነው የጀመረው። በ1958 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሰባሰቡ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ደግሞ አሠራሩን ሥርዓት አስያዙት። ዛሬ የሚገባው ብረት የማይዝግ ስቲል ወይም ቲታኒየም ነው። ሰው እንደሚያስበው ብረቱ አጥንቱን አያድነውም። አጥንቱ ራሱን ያድናል፤ ብረቱ እስኪድን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። አዋቂ ላይ ካላስቸገረ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ኤርፖርት ላይ ሊጮህ ይችላል፤ ዱባይ የሚመላለሱ ደንበኞቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህን ነው።

ታዲያ ሁለቱ ፕሌቶች ፈጽሞ አይገናኙም ማለት አይደለም። ቪታሚን ዲ ያጠረው ልጅ ማደጊያ ፕሌቱ ትወፍራለች እንጂ አትጠነክርም፤ ሪኬትስ ነው። የ13 ወር ፀሐይ አገር ውስጥ ልጅ በጥቅልል ተሸፍኖ ጓዳ ውስጥ ስለሚያድግ ይህ በሽታ እኛ ጋ እንግዳ አይደለም። እግሩ እንደ ቀስት የተለመጠ ወይም ጉልበቶቹ የሚጋጩ ልጅ በቪታሚኑና በካልሲየሙ ካልተቃና፣ ገና እያደገ ከሆነ፣ ሐኪሙ የጣት አንጓ የምታህል፣ ስምንት ቁጥር የምትመስል ብረት በሁለት ብሎን ማደጊያ ፕሌቷ ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያስራል። ያ ወገን ይዘገያል፣ ሌላው መርዘሙን ይቀጥላል፣ እግሩ በወራት ውስጥ ራሱ ይቃናል። ከዚያ ብረቷ ትወጣለች። ቶሎ ካልወጣች ወደ ሌላው ወገን ታጣምመዋለች፤ ቀጠሮ መቅረት የሌለበት ለዚህ ነው። ልጁ ዕድገቱን ከጨረሰ በኋላ ግን ይህ ዘዴ ምንም አይሠራም። የሚያቃናው ብረቱ ስላልሆነ፣ ዕድገቱ ስለሆነ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍና አንዷ ላይ ልቁም።

አፍንጫ ጣሪያ ላይ ወንፊት የመሰለች አጥንት አለች፤ ስሟም ከላቲኑ «ወንፊት» የመጣ ነው። የማሽተት ነርቮች በቀዳዳዎቿ እያለፉ አንጎል ይደርሳሉ። ጭንቅላቱ በኃይል የተመታ ሰው ነርቮቹ እዚያው ቀዳዳ ላይ ይቆረጡበትና ቡና ሲቆላ አጠገቡ ተቀምጦ ምንም አይሸተውም። ጉንፋን ሳይዘው ከአፍንጫው ውኃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ የሚልበት ሰው ካለ ደግሞ ያ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ አያድርስ እንጂ፣ ወደ ሐኪም ነው።

የጀርባ ኤምአርአይ ውጤት ላይ «ኢንድ ፕሌት» የሚል ይጻፋል። አከርካሪውና ዲስኩ መካከል ያለችው ስስ ድንበር ናት፤ ዲስኩ የራሱ ደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። «ኢንድ ፕሌት ላይ ለውጥ» የሚል ወረቀት ይዛ «መጨረሻዬ ነው ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ ሴት ነበረች፤ «ኢንድ» የምትለዋን «ፍጻሜ» ብላ ሰምታታለች። እንዲህ ያለ ለውጥ ጀርባውን አሞት የማያውቅ ሰውም ላይ ይገኛል። ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ነጥብም ይህንኑ ስም ይጋራል፤ ከጀርባ አጥንት ጋር ግን ዝምድና የለውም።

የምቆምባት የዓይን ቆቧ ፕሌት ናት። የላይ ቆብህን በጣትህ ስትይዘው እንደ ጠንካራ ካርድ የምትታወቅህ ነገር አለች፤ ውፍረቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቆቡ እንዳይጨማደድ ቅርጽ የምትሰጠው እሷ ናት፤ እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎችም ውስጧ ተደርድረዋል። ትራኮማ የሚያጠቃው ይህችን ነው። ከልጅነት ጀምሮ በተደጋጋሚ የተያዘ ዓይን የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሰላል፤ ጠባሳው ይኮማተራል፤ ፕሌቷ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች፤ ሽፋሽፍቱ ተገልብጦ የዓይንን ብሌን ይቧጭራል። ብልጭ ባለ ቁጥር ይቧጭራል። አማራ ክልል ገጠር ውስጥ አንገቷ ላይ ወረንጦ ያንጠለጠለች እናት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ትነቅላለች፤ ከሳምንታት በኋላ አጭርና ሸካራ ሆኖ ይመለሳል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከከበደባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ፕሌቷ ላይ ነው፦ ቆቡ ብቻ ደንዝዞ፣ ፕሌቷ በአግድም ትቆረጥና ጫፏ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ነው። አስቀድሞ የጠፋ ብርሃን አይመልስም። ወረንጦው ግን ከአንገት ይወርዳል።

ደም ምርመራ ላይ የሚጻፈው «ፕሌትሌት» ትንሽ ፕሌት ማለት ነው፤ ከአጥንትም ከብረትም የለችበትም። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ደም ውስጥ አይቶ ደም የሚያረጉት እነሱ መሆናቸውን አሳየ። ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው፣ ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀን። ወባና ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት) ያወርዷቸዋል። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ ከገባባት ወዲህ «ፕሌትሌቱ ወረደ» የቤት ቃል ሆኗል። እዚህ ላይ መያዝ ያለበት አንድ ነገር፦ ደንጊ በተጠረጠረበት ትኩሳት አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰዱም። አስፕሪን ያገኛትን ፕሌትሌት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ሥራ ያስፈታታል።

ያን ቀን ለእህቴ ባል በስልክ የነገርኩት ከዚህ ሁሉ በጣም ያጠረ ነው። «የተሰበረው የእጁ ማደጊያ ነው፤ ብረት የለበትም፤ ጀሶ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ማደጊያው ነው እንዴ? እንዲህ ለምን አይሉኝም!» ብሎ ሐኪሙን ይቅርታ ሊጠይቅ ስልኩን ዘጋብኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ሲሄዱ እኔም ነበርኩ። ሐኪሙ አዲሱን ፊልም ሰክቶ ከማደጊያዋ ትንሽ ራቅ ብላ የተሰመረች ነጭ ቀጭን መስመር አሳየን። አጥንቱ በተመታበት ሰሞን ዕድገቱ ለጥቂት ጊዜ ሲገታ የተወችው ምልክት ናት። መስመሯ ከፕሌቷ እኩል እየራቀች ከሄደች ልጁ ሁለቱንም ወገን እያደገ ነው፤ በአንድ በኩል ከተጠጋች እዚያ ተይዟል ማለት ነው። አባትየው መነጽሩን አውጥቶ ተጠጋ። መስመሯን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በትንሽ ጣቱ ጥፍር ተከተላት፣ ተመለሰና እንደገና ተከተላት። «እኩል ናት» አለ።